የማህደር ፊዚክስ

በእኛ ከተማ አንድ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ብቻውን አይገባም። እናቱ አብራው ትገባለች፣ አባቱ ይገባል፣ አክስቱ ትገባለች፤ የግቢው ጥበቃ ሳይቀር ይመዘገባል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ልጁ ይሁን እንጂ የሚማረው ዘመድ አዝማዱ ነው። እኛ በምንኖርበት አያት ኮንዶሚኒየም አንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከደረሰ የብሎኩ ሰው ደረጃ የሚወጣው በእግር ጣቱ እየረገጠ ነው። ቴሌቪዥን ይቀነሳል፤ ልደት ያለበት ሰው ልደቱን ወደ ክረምት ያዛውራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ አራት ዓመት ትንፋሹን ውጦ ሲያበቃ፣ ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ በትክክል የሚያውቀው ስንቱ ነው? እኔ ከማያውቁት ወገን ነበርኩ። ያውም አባት ሆኜ። ያውም አስጠኚ ሆኜ።

ሙያዬ አራሚነት ነው። ወሰን በሚባለው ሰፈር ባለች አነስተኛ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ሌላው የጻፈውን አነባለሁ፤ የጎደለ ፊደል እሞላለሁ፣ የተረፈ ነጥብ እሰርዛለሁ። አንድ ጊዜ የሠርግ መጥሪያ ላይ የሙሽራውና የአንደኛ ሚዜው ስም ተለዋውጦ ሊታተም ሲል ደርሼበታለሁ። አንድ ትዳር ያዳንኩ ሰው ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ወጣት ሳለሁ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ተጋብተን አዲስ አበባ ስንገባ የማስተማሪያ ቦታ እስካገኝ ብዬ ነበር ማተሚያ ቤት የገባሁት። ይኸው እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

አንድ ልጃችን ማህደር ስምንተኛ ክፍልን ያለፈች ሰሞን ከማተሚያ ቤት የተረፈ ትልቅ ወረቀት ተሸክሜ መጣሁና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአራት ዓመት ዕቅድ ለጠፍኩ። ዘጠነኛ ክፍል፦ እንግሊዝኛና ሒሳብን መሠረት ማስያዝ። አሥረኛ፦ መሠረቱን ማጥበቅ። አሥራ አንደኛ፦ ናቹራል ሳይንስ። አሥራ ሁለተኛ፦ ፈተናውን መደርመስ። ከዚያ በሰማያዊ ቀለም ምህንድስና፣ አምስት ዓመት። በስተቀኝ ጥግ ላይ በእርሳስ «ትዳር» ብዬ የጥያቄ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ሰናይት በላጲስ አጠፋችው። ዕቅዱን ቆማ ካነበበች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማህደርን ጠይቀሃታል ወይ አለችኝ። ጥያቄው ገረመኝ። ልጅቷ ማጣበቂያውን ይዛልኝ አጠገቤ ቆማ የለም እንዴ?

ከሥራ መልስ፣ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማህደርና እኔ ለፊዚክስ እንቀመጣለን። እንቀመጣለን ማለቴ እሷ ትቀመጣለች። እኔማ ተቀምጬ ማስተማር አልችልበትም። ሶፋ ላይ ወጥቼ እዘላለሁ፤ ወንበር እገፋለሁ፤ ባልዲ ውኃ ሞልቼ በራሴ ላይ አሽከረክራለሁ። አንድ ቀን ነፃ ውድቀትን ላሳያት ከአራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ድንች ለቀቅኩ። ድንቹ ልክ እኛ ባሰላነው ጊዜ መሬት ደረሰ። ያላሰላነው ነገር ቢኖር ወይዘሮ ብርቄ ከታች ልብስ እያሰጡ መሆናቸውን ነው። ከእግራቸው አንድ እርምጃ ርቆ ፈረጠ። ማህደር ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔም ስቄ ስቄ ዓይኔ እንባ አወጣ። ወይዘሮ ብርቄ ግን አልሳቁም።

ይህ እንዲህ እያለ አሥራ አንደኛ ክፍል ሙሉውን፣ አሥራ ሁለተኛንም እስከ ግንቦት ድረስ ሄደ።

ካርዷን አታይም ወይ ትሉኛላችሁ። አያለሁ፤ ማለቴ እጠይቃለሁ። ስንተኛ ወጣሽ እላታለሁ፣ ሦስተኛ ትለኛለች፣ ጎበዝ እላታለሁ። ከደረጃው ወርዶ የትምህርቶቹን ስም የሚያነብ አባት አይቼ አላውቅም፤ ካለ እጁን ያውጣ። ቅዳሜ ስለምሠራ የወላጅ ስብሰባ የምትሄደውም፣ የምትፈርመውም ሰናይት ናት። ደብተሯንስ ብትሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሳርም ውዬ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የልጄን ደብተር ላርም? ካርታ ዘርግታ አይቻት አውቃለሁ፤ ቬክተር እየሠራች ነው ብዬ ሻይ አቀረብኩላት።

ባለፈው ግንቦት የማህደር ክፍል ተመራቂዎች መጽሔት ሊያሳትሙ እንደሆነ ሰማሁ። የዛሬ ልጆች የሚመረቁት ከፈተናው በፊት ነው። አንድ ቀን ፒጃማ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ሌላ ቀን ሽማግሌና ባልቴት መስለው ይሄዳሉ፣ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ፤ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ይለፉ አይለፉ የሚታየው። መጀመሪያ ስሰማ ነገሩ የተገላቢጦሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ልጆቹ ከእኛ ይሻላሉ፤ የሚጨፈረው ሆድ ገና ሳይባባ ነው።

አለቃዬን ለምኜ፣ ለተማሪዎቹ ኮሚቴ በሰው በሰው አስነግሬ፣ የመጽሔቱ ሥራ ወደ እኛ ማተሚያ ቤት እንዲመጣ አደረግሁ። ለማህደር አልነገርኳትም። ታትሞ ሲወጣ የሽፋኑ ውስጥ «አራሚ» ከሚለው ቃል ጎን የአባቷን ስም አይታ እንድትደነግጥ ነበር ምኞቴ። መደንገጡ አልቀረም፤ ሰውየው ነው የተለወጠው።

የሙከራ ኅትመቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ቀይ ብዕሬን ከፍቼ ከናቹራል ክፍሎች ጀመርኩ። በየገጹ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ስም፣ ምኞት፣ የመጨረሻ ቃል። ሐኪም፣ ሐኪም፣ ፓይለት፣ ሐኪም። ሦስቱን ክፍሎች ጨረስኩ። ማህደር የለችም። ደሜ ፈላ። የገጽ ቅንብር የምትሠራውን ባልደረባዬን ትዕግሥትን ጠርቼ፣ ልጄን ዘለሏት፤ ሦስተኛ የምትወጣ ልጅ እንዴት ትዘለላለች፤ አሁኑኑ ኮሚቴው ይጠራልኝ አልኳት። ትዕግሥት ነገር አታበዛም። ኮምፒውተሩ ላይ ስሟን ፈለገችና፣ ጋሼ፣ እዚህ አለችልዎት፣ ሶሻል ሳይንስ ውስጥ ናት አለችኝ።

ሳቅሁ። ሃያ ዓመት በሙያው የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይጠፋውም፤ ፎቶ ሲበዛ ይደባለቃል። በሙያዊ እርጋታ የልጄን ፎቶ በቀይ አከበብኩና ከሶሻል ገጽ እስከ ናቹራል ገጽ ረጅም ቀስት አወጣሁ። ጫፉ ላይ «ወደ ቦታዋ ትዛወር» ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ቀጥ ያለ ቀስት በዕድሜዬ ሥዬ አላውቅም። ትዕግሥት ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ ጋሼ፣ ከሥር ያለውን አንብበውታል ወይ አለችኝ።

ከሥር ያለው እንዲህ ይላል፦ «ምኞት፦ ሕግ መማር። የመጨረሻ ቃል፦ አባዬ፣ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ስላስተማርከኝ አመሰግናለው። ከፈተናው በኋላ የምነግርህ ነገር አለ።»

አራሚ አንድን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ መጀመሪያ ለፊደሉ፣ ቀጥሎ ለነጥቡ፣ በመጨረሻ ለትርጉሙ። በመጀመሪያው ንባብ «አመሰግናለው» የሚለውን «አመሰግናለሁ» ብዬ አረምኩ። በሁለተኛው የማርመው አላገኘሁም። በሦስተኛው ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። ትዕግሥት አንሥታ ሰጠችኝና ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ሄደች።

ያን ቀን ከወሰን አያት ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ምን እንዳሰብኩ አልነግራችሁም። ሦስት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለቱ ቁጡ፣ አንዱ በጣም ቁጡ። ቤት ስደርስ ማህደር አልገባችም። ሰናይት ጓዳ ምስር ትለቅማለች። በሩ ላይ ቆምኩና፣ ማህደር የምትማረው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ሳትል፣ ትምህርት አለችኝ። የቱን ትምህርት አልኳት። ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ ማን ነገረህ አለችኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ማህደር ገና አሥረኛ ክፍል ሳለች ሕግ እንደሚሻላት ለእናቷ ነግራታለች። አሥራ አንደኛ ሊመዘገቡ ሲሉ ሦስት ቀን አልቅሳለች። ሰናይት ፎርሙን ፈረመችላትና፣ ለአባትሽ ቀስ ብለን እንነግረዋለን አለቻት። የዚያን ዕለት እኔ ከሥራ የገባሁት የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ሸፍኜ፣ ስሟን በሽፋኑ ላይ በቁም ጽሕፈት ጽፌበት ነበር።

«ቁጣዬን ፈርታ ነው?» አልኳት።

«ቁጣህንማ ማን ይፈራል?» አለችኝ ሰናይት። «ሶፋ ላይ ወጥተህ ስትዘል እንዴት እንደምትሆን ራስህን አይተኸው አታውቅም። ‹እማዬ፣ አባዬ ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ሲፈልግ ይውላል፤ የሚስቀው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ ነው፤ እኔ ምን አለብኝ፣ እቀመጥለታለሁ› አለችኝ። እኔስ ምን ልበላት?»

እስኪ አስቡት። ሁለት ዓመት ልጄን አስጠናኋት ብዬ ስኮራ የኖርኩት፣ ለካ እሷ ናት ስታጫውተኝ የኖረችው። ሦስቱም ንግግሮቼ የት እንደገቡ እኔ እንጃ። ሰናይት ፈተናው እስኪያልፍ እንዳወቅሁ እንዳላሳይ አስማለችኝ፤ አሁን ከነገርካት ሐሳቧ ይበተናል አለች። በማግስቱ ማተሚያ ቤት ገብቼ ያን የመሰለ ቀስቴን ሰረዝኩና ከጎኑ «ባለበት ይቆይ» ብዬ ጻፍኩ። ሽፋኑ ውስጥ ያለውን የእኔን ስም ደግሞ ማህደር እንዳትነቃብኝ ሰረዝኩት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰናይት እስከ ዛሬ ስታወራው በሳቅ ትንፋሽ ያጥራታል። ልጅቷ የምትፈተነው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ፤ ቤት ስትመጣ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሰዓቷን እኔ በፊዚክስ እበላባታለሁ። ትምህርቱን ባቋርጠው ምን ሆንክ ትለኛለች። ብቀጥለው ደግሞ ጊዜዋን እቀማታለሁ። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኢኮኖሚክስና ጂኦግራፊ በስልኬ አነባለሁ፣ ከሰዓት ፊዚክሱ ውስጥ ሸጉጬ አቀርባለሁ። ከእንጦጦ አናት አንድ ድንጋይ ቁልቁል ቢንከባለል ፍጥነቱ ስንት ይሆናል፤ ለመሆኑ እንጦጦ የሚደርሰው ዝናብ ከየትኛው ውቅያኖስ ተነሥቶ ነው የሚመጣው? ሚኒባስ ኮተቤ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዝ ሰበቃው ምን ይሠራል፤ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምርስ የተሳፋሪው ፍላጎት ወዴት ያዘነብላል?

ማህደር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝና፣ አባዬ፣ ይሄ ፊዚክስ ነው ወይ አለችኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ሁሉም ነገር ተያያዥ ሆኗል አልኳት። እሺ ብላ መለሰች። ያውም በትክክል መለሰች።

የፈተናው ሳምንት ደረሰ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አሁን የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ነው። አውቶቡስ መጥቶ ከትምህርት ቤታቸው ይወስዳቸዋል። መጀመሪያ የናቹራል ልጆች ይሄዳሉ፣ የሶሻሎቹ ተራ በሳምንቱ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ። ማህደርም ታውቃለች። ሰናይትም ታውቃለች። የናቹራል ልጆች በሚሄዱበት ጠዋት ግን ማህደር ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሳሎን መሃል ቆማ አገኘኋት። ለእናቷ የነገረቻት ዕቅድ እንደ እኔው የግድግዳ ዕቅድ ዝርዝር ነበር፤ ከቤት ትወጣለች፣ ኮተቤ አክስቷ ቤት ገብታ ሳምንቱን ታጠናለች፣ ከዚያ ከሶሻሎቹ ጋር ትሄዳለች።

ምንም የማያውቅ አባት በዚህ ሰዓት ምን ያደርጋል? ሻንጣ ተሸክሞ ይሸኛል እንጂ። እኔም ተሸከምኩ። ማህደር፣ ግድ የለም አባዬ፣ ሥራ ይረፍድብሃል አለችኝ። ዛሬ ያልረፈደ መቼ ይረፍዳል አልኳት። ከአያት ኮተቤ ድረስ በሁለታችን መሃል ሻንጣው ብቻ ይንገጫገጫል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሦስት አውቶቡስ ቆሟል። እናቶች ያለቅሳሉ፣ አባቶች እንዳያለቅሱ ስልካቸውን ይነካካሉ። አንድ መምህር ወረቀት ይዞ ስም ይጠራል። ማህደር ሰልፉ መጨረሻ ላይ ተሰለፈች። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ስም ተጠራ፣ ሰልፉ አጠረ። ከፊቷ አሥር ልጅ ቀረ። ስምንት ቀረ። የልጄ ጆሮ ቀላ። ስሟ በወረቀቱ ላይ እንደሌለ ታውቃለች፤ አልሄድ ያላት አባቷ ደግሞ ሻንጣዋን ታቅፎ ቆሟል። አምስት ሲቀር ሰዓቴን አየሁና፣ ለካ የቸኮለ ሥራ አለብኝ ብዬ፣ ግንባሯን ስሜ፣ ሻንጣዋን አስረክቤ፣ ወደ ኋላዬ ሳላይ ሄድኩ።

መንገዱን ተሻግሬ እስክትወጣ ልጠብቃትና በደህና መሄዷን ልይ ብዬ አንዲት ጭማቂ ቤት ገባሁ። ከመስኮት እንዳልታይ ማቀዝቀዣው ጀርባ ያለችውን ወንበር መርጬ ተቀመጥኩ። አቮካዶ አዘዝኩ። ገና ማንኪያውን ሳላነሣ በሩ ተከፈተ። ማህደር ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ከውጭ እንዳትታይ ይሆናል፣ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ጀርባ መጣች።

ተያየን። ጭማቂ የምትፈጨው ሴት ማሽኑን አጠፋች።

«አባዬ፣ ሥራ አለብኝ አላልክም?» አለችኝ።

«አንቺስ ፈተና የለብሽም?»

«የእኔ የሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ቁጭ አለች። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ከመጽሔቱ አልኳት። አንተም ታውቆብሃል እኮ አለችኝ፤ የሚንከባለል ድንጋይ ይዘህ ዝናቡ ከየትኛው ውቅያኖስ ነው ያልከኝ ቀን ነው የነቃሁብህ አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ አንተ ዝም ስላልክ አለች። እኔ ዝም ያልኩት ፈተናው እንዳይረበሽብሽ ነው አልኳት። እኔ ዝም ያልኩት አንተ ያን ሁሉ ኢኮኖሚክስ አንብበህ ልፋትህ ከንቱ እንዳይሆን ነው አለች። ከዚያ ሳቅን፤ ማን እንደጀመረ አላስታውስም። ጭማቂ የምትፈጨዋ ሴት ሲገርማት ቆይታ ሁለተኛ አቮካዶ ሳናዝ አመጣችልን።

«ጠልተሽው ነበር?» አልኳት ሳቁ ሲበርድ።

አሰበችበት። «ፊዚክሱን፣ አዎ» አለች። «ሰዓቱን ግን አይደለም።»

እኔ አቮካዶዬን በላሁ።

የቀረውን ሳምንት እንዳግዛት ብጠይቃት፣ ያለ እኔ ቶሎ እንደሚገባት በጨዋ ቋንቋ ነገረችኝ። የግድግዳውን ዕቅድ ላንሣ ስል ሰናይት ከለከለችኝ፤ ማጣበቂያው ግድግዳውን ከነቀለሙ ይልጠዋል አለች። የማህደር ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻ፣ ደብተር ሳንይዝ ሦስታችንም እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ከተማውን እያየን፣ ድንቹ ወይዘሮ ብርቄን መትቷቸው ቢሆን ኖሮ በሕግ ተጠያቂው ማን ይሆን ነበር ብዬ ጠየቅኋት። ልጄ ተነሥታ ቆመች። እጇን እያወናጨፈች፣ ወዲህ ወዲያ እየተራመደች፣ አንዴ ለወይዘሮ ብርቄ፣ አንዴ ለእኔ ስትከራከር ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀመጠችን። በሩጫ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዳመጧት። ሰናይት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ሶፋ ብቻ ነው የጎደላት አለችኝ። በክርክሩ ተፈረደብኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ማህደር በጥሩ ውጤት አለፈች፤ ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲም ደረሳት። ለብሎኩ ሰው ሁሉ፣ ለወይዘሮ ብርቄም ጭምር፣ ልጄ ሕግ ልትማር ነው ብዬ እየዞርኩ አወራሁ። ስለ ሕግ ትምህርት ርዝማኔ፣ ስለ ጠበቃና ዳኛ ልዩነት፣ ከፎቅ ፎቅ እየወጣሁ ማብራሪያ ሰጠሁ። ሰውም በጣቱ መርገጡን ትቶ እንደ ልቡ ደረጃውን እየረገጠ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ማህደር ደወለች። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ነው፣ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ደህና ነሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው ተባባልን። ከዚያ ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ፣ አባዬ፣ ሕጉን እንደገና እያሰብኩበት ነው አለችኝ። ምን ልትመርጪ ነው ብላት፣ ገና አልወሰንኩም፣ እስኪ እማዬን ስጠኝ አለች። ስልኩን ሰጠኋት። ሰናይት ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣች። ምን አለች ብላት፣ ደህና ናት አለችኝ።

እንግዲህ ደረጃው ላይ የሚያገኘኝ ሰው ልጅህ ምን እያጠናች ነው ሲለኝ እኔ መልስ አልሰጥም። ፎርሙን ፈርማ የምታውቀው እናቷ ናት፤ እሷን ጠይቁ እላለሁ።